እጅግ ፈጣን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለዕለት ተዕለት ጉዞ ይበጃልን?

በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመሽከርከር የመጀመሪያው የሆነው አውቶሞቢል የሚሠራው በቤንዚን አልነበረም፤ በኤሌክትሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 1899 ካሚ ዠናትዚ የተባለ ቤልጂጋዊ በፓሪስ አቅራቢያ አሼር በተባለ ስፍራ «ላ ዣሜ ኮንታንት» ብሎ የሰየማትን መኪና በሰዓት 105.88 ኪሎ ሜትር አስፈተለካት። የስሟ ትርጉም «ፈጽሞ የማትረካው» ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህች መኪና ለገበያም ሆነ ለሥራ መመላለሻ የምትሆን አልነበረችም። የተሠራችው ለአንድ ዓላማ ብቻ ነበር፤ ሾፌሩም ከወገቡ በላይ ለነፋስ ተጋልጦ ይቀመጥ ነበር።

ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ያው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ቴስላ ሞዴል ኤስን፣ በ2019 ፖርሸ ታይካንን፣ በ2021 ደግሞ ሉሲድ ኤር የተባለችውን መኪና አምራቾቻቸው ለገበያ አቀረቡ። ሦስቱም አራት በር ያላቸው፣ ቤተሰብ የሚያሳፍሩ፣ ሆኖም በፍጥነት ከውድድር መኪናዎች ጋር የሚፎካከሩ ናቸው። ለመሆኑ ይህን ያህል አቅም የተሸከመ አውቶሞቢል ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስና ከሥራ ቦታ ለመመለስ ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ለሀብታም መዝናኛ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ መኪና የሚገዛ ቤተሰብ ሁሉ ኪሎ ዋትን ከኪሎ ዋት ሰዓት ለይቶ ማንበብ ይጠበቅበታል። እኛም እ.ኤ.አ. የ2020ውን ፖርሸ ታይካን ቱርቦ ኤስ ለምሳሌነት ወስደን ነገሩን በቁጥር እንመረምራለን።

አስቀድመን ሁለት ቃላትን እንለይ። «ኢነርጂ» ስንል ሥራ ለመሥራት የሚያስችለውን ጠቅላላ ክምችት ማለታችን ሲሆን የሚለካውም በጁል ወይም በኪሎ ዋት ሰዓት ነው። «አቅም» ስንል ደግሞ ይህ ክምችት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ምን ያህል እንደሚወጣ ማለታችን ነው፤ መለኪያውም ዋት ወይም ኪሎ ዋት ነው። አንዱ የውኃ ማጠራቀሚያው ስፋት፣ ሌላው የቧንቧው ውፍረት ነው ማለት ይቻላል። የመኪና ማስታወቂያዎች በአብዛኛው የሚነግሩን ስለ ቧንቧው ነው።

በ2.8 ሴኮንድ ውስጥ የሚሆነው

አምራቹ እንደሚገልጸው ይህች መኪና ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 2.8 ሴኮንድ ይበቃታል። ክብደቷ 2,300 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 27.8 ሜትር ስለሆነ፣ የመጠነ ቁሱን ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር ብናባዛው የምናገኘው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ 890,000 ጁል ያህል ነው። ይህን ለ2.8 ሴኮንድ ብናካፍለው በአማካይ 317 ኪሎ ዋት ይሆናል። የእንጀራ መጋገሪያ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይፈጃል ብንል፣ 90 ምጣዶች በአንድ ጊዜ እንደተለኮሱ ይቆጠራል።

ከዚሁ ስሌት ሌላም ነገር እናገኛለን። 27.8ን ለ2.8 ብናካፍለው የመኪናዋ አማካይ ሽምጠት በሴኮንድ ስኩዌር 9.9 ሜትር ይሆናል። ይህ ቁጥር ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ ከመሬት ስበት ሽምጠት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ተሳፋሪው በክብደቱ ልክ ወደ ኋላ ይገፋል። መኪናን ወደ ፊት የሚነዳት በጎማና በአስፋልት መካከል ያለው ሰበቃ በመሆኑና የተለመደ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ያለው የሰበቃ መጠን ከመኪናው ክብደት እምብዛም የማይበልጥ በመሆኑ፣ እዚህ ደረጃ ላይ ሲደረስ ወሰኑን የሚያበጀው ሞተሩ ሳይሆን ጎማው ነው። አራቱም ጎማዎች በሞተር እንዲሽከረከሩ የተደረገውም ስለዚህ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሰበቃው ይቀንሳል፤ ያኔ የተከፈለበት አቅም ከፊሉ ሥራ ፈት ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ይህን ለማድረግ የሚችለው ለምንድን ነው? የቤንዚን ሞተር የማሽከርከር ጉልበቱ ከፍ የሚለው በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር መዞር ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ካምቢዮና ብዙ ማርሾች ያስፈልጉታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ጉልበቱ የሚመነጨው በሽቦው ከሚያልፈው ኮረንትና ከማግኔቱ በመሆኑ ገና ዙሩ ዜሮ ሳለ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ሞተሩ ራሱ እንደ ጄኔሬተር ተቃራኒ ቮልቴጅ ስለሚፈጥር፣ ከተወሰነ ዙር በኋላ ጉልበቱ መቀነስ ይጀምራል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአንድ ማርሽ ብቻ ሲሠሩ ታይካን በኋላ ጎማዎቿ በኩል ሁለት ማርሽ ተደርጎላታል፤ አንዱ ለመነሻ፣ ሌላው ለከፍተኛ ፍጥነት። 560 ኪሎ ዋት የሚለው ታላቁ ቁጥርም የሚገኘው ለጥቂት ሴኮንዶች ሲሆን የወትሮው ከፍተኛ አቅም 460 ኪሎ ዋት ነው።

በዘወትር ጉዞስ ምን ያህሉ ይሠራል?

አሁን መኪናዋ በሜዳማ መንገድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በዝግታ ሳትቀንስ ሳትጨምር ትጓዛለች እንበል። የሚቋቋሟት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አየሩና የጎማው መተጣጠፍ። የአየር መቋቋም መለኪያዋ 0.25፣ የፊት ለፊት ስፋቷ 2.3 ሜትር ስኩዌር ያህል ስለሆነ አየሩን ለመሰንጠቅ ከ7.4 ኪሎ ዋት አይበልጥም። ለጎማው ደግሞ የክብደቷን አንድ መቶኛ ያህል ብንወስድ 6.3 ኪሎ ዋት ይሆናል። በድምሩ 13.7 ኪሎ ዋት ገደማ፣ ማለትም አራት ምጣድ እንኳ አይሞላም! ካላት አቅም መካከል በሥራ ላይ የዋለው ከመቶ ሦስት እጅ በታች ነው። በከተማ ውስጥ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትሄድማ 2 ኪሎ ዋት ይበቃታል፤ ከዚያ ይልቅ የማሞቂያውና የማቀዝቀዣው ፍጆታ ሊያሳስብ ይችላል።

እዚህ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚኑ የሚለይበት ዋና ነጥብ አለ። ታላቅ የቤንዚን ሞተር በትንሽ ጭነት ሲሠራ ብቃቱ እጅግ ያሽቆለቁላል፤ መብራት ላይ ቆሞም ነዳጅ ያቃጥላል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ስትቆም ይቆማል፤ በዝቅተኛ ጭነትም ብቃቱ ብዙ አይጎዳም። ስለዚህ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማ ውስጥ የምታባክነው ኃይለኛ የቤንዚን መኪና የሚያባክነውን ያህል አይደለም። በእኛ አስተያየት «ለከተማ አቅሟ ይበዛል» የሚለው ወቀሳ ከነዳጅ ዘመን የወረስነው ነው፤ የሚያስወቅሳት ክብደቷ ነው።

ክብደቷ የመጣው ከባትሪው ነው። 396 የሊቲየም አዮን ሴሎችን የያዘው ባትሪ ብቻውን 630 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ የሚይዘው 93.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን ከዚህ ውስጥ ለሾፌሩ የተፈቀደው 83.7ቱ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኢነርጂ ስላለው፣ ይህ ሁሉ ሸክም የያዘው በአንድ ጀሪካን ግማሽ የሚገባ የ10 ሊትር ቤንዚን ኢነርጂ ነው። መኪናዋ በዚህ መጠን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መሄዷ የሞተሩን ብቃት ያሳያል እንጂ የባትሪውን ብርታት አያሳይም። ሉሲድ ኤር እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ምዘና በአንድ ሙሌት 520 ማይል፣ ማለትም 837 ኪሎ ሜትር እንደምትጓዝ ሲመሰከርላት ብዙ ባለሙያዎችን ያስደነቀውም ይኸው ጉዳይ ነው፤ ከፍጥነት ውድድር ይልቅ የቁጠባ ውድድር ለመሐንዲስ ይከብዳልና።

የመሙላት ነገር

የታይካን የኤሌክትሪክ ሥርዓት በ800 ቮልት ደረጃ የተሠራ ሲሆን በጊዜው የተለመደው 400 ነበር። አቅም የቮልቴጅና የኮረንት ብዜት ስለሆነ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ያንኑ አቅም ለማድረስ ግማሽ ኮረንት ይበቃል። በሽቦ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ግን ከኮረንቱ ስኩዌር ጋር የሚሄድ በመሆኑ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚህ ዘዴ መኪናዋ እስከ 270 ኪሎ ዋት እየተቀበለች ከ5 በመቶ ወደ 80 በመቶ በ22.5 ደቂቃ መሙላት እንደምትችል አምራቹ ይገልጻል።

ለምን 80 በመቶ ላይ ይቆማል? ባትሪ ሲሞላ የሊቲየም አዮኖች በግራፋይቱ ንብርብሮች መካከል ገብተው መቀመጫ ማግኘት አለባቸው። ባዶ አውቶቡስ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ቶሎ ይቀመጣሉ፤ የመጨረሻዎቹ ግን ወንበር እየፈለጉ ይንገላታሉ። በጉልበት ከተገፉ አዮኖቹ ውስጥ ከመግባት ይልቅ በግራፋይቱ ገጽ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋሉ። ይህም የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ከከፋም በውስጡ አጭር ዙር ሊያስከትል ይችላል። ስለሆነም የመኪናዋ ኮምፒዩተር ወደ ማብቂያው ኮረንቱን ይቀንሳል። ብርድም አዮኖቹን ያዘገያል፤ በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ አየር ከአውሮፓ ክረምትም ከባሕረ ሰላጤው ሀገሮች በጋም ይልቅ ለባትሪ ይስማማል።

ይሁንና ለዕለት ጉዞ ይህ ሁሉ ፍጥነት አስፈላጊ አይደለም። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚመላለስ ሰው በ100 ኪሎ ሜትር 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ የዕለት ፍጆታው 8.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከተራ የ220 ቮልት ሶኬት 10 አምፔር ቢወስድ 2.2 ኪሎ ዋት ስለሚያገኝ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይበቃዋል። እንቅልፍ ተኝቶ ሳለ ይሞላል፤ መብራት ካልጠፋ!

የከፍታ ነገር ደግሞ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር አቅሙን በዚያው መጠን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ አይነካውም፤ እንዲያውም የሚሰነጥቀው አየር ይቀልለታል። ከእንጦጦ አናት ወደ መሃል ከተማ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ስትወርድ ደግሞ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጣል። ከከፍታው የሚገኘው 3.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ጎማውና ልወጣው የሚያባክኑት ተቀንሶ 2.5 ያህሉ ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ ለ10 ኪሎ ሜትር ጉዞ ይበቃል። በዘወትር ጉዞ ከአሥር ፍሬን አያያዝ ዘጠኙ በሞተሩ ብቻ ሊፈጸም እንደሚችል የፖርሸ መሐንዲሶች ገልጸዋል። ነገር ግን እንጦጦ የሚኖር ሰው ሌሊቱን ባትሪውን እስከ 100 በመቶ ከሞላ፣ ጠዋት ሲወርድ ኢነርጂው የሚገባበት ቦታ ስለማይኖር ሥራው ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ለባትሪው ዕድሜም ቢሆን ለዕለት ጉዞ 80 በመቶ ላይ ማቆም ይመረጣል።

እስካሁን ካየነው ተነሥተን ብንፈርድ መኪናዋ ለዕለት ጉዞ ትበቃለች እንላለን። የሚያስቸግረው ከመንገዱ ጋር ያላት ግንኙነት ነው። አየርን በቀላሉ እንድትሰነጥቅ ተብሎ ዝቅ ብላ ተሠርታለች፤ ውዱ ባትሪም ከወለሉ ሥር ተነጥፏል። በአየር የሚሠራው ሞላዋ ከፍ ሊያደርጋት የሚችለው 20 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለጀርመን የመኪና ማቆሚያ መግቢያ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ልክ ለተከመረ የፍጥነት መግቻ ጉብታና ድንጋዩ ለተነሣ ኮብልስቶን ግን ከቶ አይበቃም። ጎማዎቿ ባለ 21 ኢንች ቸርኬ ላይ የተገጠሙና ጎናቸው ስስ ስለሆነ ጉድጓድ ሲያገኙ ድንጋጤውን የሚውጠው ላስቲኩ ሳይሆን ቸርኬው ነው። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና በስበት ሽምጠት ልክ የሚያስፈነጥር ጎማም ቶሎ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ መነሻ ዋጋዋ 185,000 ዶላር እንደነበረ ስናስታውስ የጎማውን ሒሳብ ለባለቤቷ መተው ይሻላል።

የረጅም መንገዱ ጉዳይ የተለየ ነው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 25 ኪሎ ዋት ሰዓት ብትፈጅ ለመድረስ 69 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋታል፤ ከ83.7ቱ 15 ያህል ተርፏት ትደርሳለች። ፈጣን መሙያ ካገኘች ሾፌሩ ምሳውን በልቶ ሳይጨርስ ለመመለስ ትዘጋጃለች። ያለው ተራ ሶኬት ብቻ ከሆነ ግን 69ኙን ለመተካት ከ31 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ፣ በ2.8 ሴኮንድ የተፈተለከችው መኪና ሐዋሳ ላይ ሁለት ሌሊት ታድራለች።