አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ ስለ ከተማ የመገናኛ መረብ አዘረጋግ

በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጆርጂያ አገር አንዲት የ75 ዓመት ባልቴት የሚሸጥ የመዳብ ቁራጭ ፍለጋ መሬት ሲቆፍሩ፣ በአፈር ውስጥ የተቀበረ አንድ ገመድ አግኝተው ቆረጡት። ገመዱ ግን የጎረቤቲቱ የአርመን አገር ኢንተርኔት በአብዛኛው የሚያልፍበት የመስታወት ክር ነበር። በአንዲት ባልቴት መቆፈሪያ ምክንያት የአንድ አገር ሕዝብ አብዛኛው ክፍል ለብዙ ሰዓታት ከዓለም ተለይቶ ዋለ።

ይህ ወሬ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው ሥቆ አለፈው። ነገሩን በጥሞና ለተመለከተው ግን ዋናው ጥፋት የባልቴቲቱ አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው አንድ አገር በአንድ ገመድ ላይ እንዲንጠለጠል የተደረገበት እቅድ ነው። አባቶቻችን «አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ይመስላል።

እኛም ብንሆን ከዚህ ነገር የራቅን አይደለንም። የትምህርት ምዝገባ ሊዘጋ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ከግቢ ውጭ መንገድ የሚቆፍር ኤክስካቫተር መስመሩን በጥሶት፣ ቀኑን ሙሉ በኮምፒዩተር ፊት እጃችንን አጣጥፈን የዋልንበትን ጊዜ የምናስታውስ ጥቂቶች አይደለንም። ያን ዕለት ሁላችንም ቆፋሪውን ረገምን። «ለመሆኑ ሁለተኛው መስመር የት አለ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጥያቄ ለምን መጠየቅ እንዳለበትና እንዴትስ እንደሚጠየቅ ለማስረዳት ነው።

ሀ/ የመስታወቱ ክር

ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ ነውና ከክሩ እንጀምር። ፋይበር የሚባለው እንደ ጠጉር የቀጠነ የጠራ መስታወት ነው። ጠቅላላ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ ሲሆን፣ ብርሃን የሚጓዝበት ልቡ ግን በረጅም መስመሮች ላይ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ድምፁም፣ ሥዕሉም፣ ጽሑፉም ወደ ብርሃን ብልጭታ ተለውጦ በዚህ ልብ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል።

ይህ ነገር በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም የተባሉ በእንግሊዝ አገር የሚሠሩ ሁለት መሐንዲሶች፣ ብርሃኑን በመንገድ ላይ የሚያጠፋው በመስታወቱ ውስጥ ያለው እድፍ እንጂ መስታወቱ ራሱ እንዳልሆነ አስረዱ። አንድ ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ከመቶ እጅ አንዱ ብርሃን ብቻ እንኳ ቢተርፍ ለመገናኛ ይበቃል ብለው ጻፉ። በ1970 ዓ.ም. በአሜሪካ የኮርኒንግ ኩባንያ ሦስት ሊቃውንት ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶ እጅ ሁለቱን የሚያተርፍ ክር ሠሩ። ዛሬ በጥሩ ክር ውስጥ ብርሃኑ በግማሽ የሚቀንሰው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ነው። ካኦም ስለዚህ ሥራው በ2009 ዓ.ም. የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ ሁሉ ለእቅድ አውጪ የሚጠቅመው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። ክሩ ርካሽ ነው፤ ውድ የሆነው ቁፋሮው ነው። መንገድ መቅደድ፣ ቱቦ መቅበር፣ ማንሆል መሥራት፣ አስፋልቱን መልሶ መጠገን፣ የገንዘቡን ትልቁን ክፍል የሚበላው ይህ ነው። በሁለቱ ጫፍ የሚቀመጡት መሣሪያዎች በየጥቂት ዓመቱ በተሻለ ሲተኩ፣ የተቀበረው ክር ግን ሳይነካ ተጨማሪ መልእክት ይሸከማል። ስለዚህ በመሣሪያ ምርጫ የተሠራ ስሕተት ቶሎ ይታረማል፤ በጉድጓድ የተሠራ ስሕተት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ለ/ ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ አርባ አምስት

አሁን በአንድ ከተማ ውስጥ ዐሥር ቦታዎችን ማገናኘት እንፈልጋለን እንበል፤ ሆስፒታል፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት፣ ወዘተ። ምን ያህል መስመር ያስፈልገናል?

አንደኛው መንገድ እንደ መቁጠሪያ በተርታ ማያያዝ ነው። ለዚህ 9 መስመር ይበቃል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ዓይነቱ ይህ ነበር። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ መካከሉ ላይ ከተቆረጠ ሁለቱ ወገኖች ይለያያሉ። ሁለተኛው መንገድ አንዱን ቦታ ማዕከል አድርጎ ሌሎቹን ዘጠኙን ከእርሱ ጋር እንደ ኮከብ ጨረር ማገናኘት ነው። ይህም 9 መስመር ይፈልጋል። አንድ መስመር ቢቆረጥ አንድ ቦታ ብቻ ይጎዳል፤ ማዕከሉ የወደቀ ዕለት ግን ሁሉም ይወድቃል። ሦስተኛው መንገድ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ማያያዝ ነው። ይህ እጅግ አስተማማኝ ቢሆንም 45 መስመር ይጠይቃል፤ ቦታዎቹ መቶ ሲሆኑ ደግሞ 4,950 ይደርሳል። ይህን የሚችል ማዘጋጃ ቤት የለም።

ታዲያ መካከለኛ መንገድ የለም ወይ? ቢባል፣ አለ። ያን በተርታ የተያያዘውን መቁጠሪያ ወስደን መጀመሪያውንና መጨረሻውን እናጋጥም። ቀለበት ሆነ ማለት ነው። መስመሩ ከ9 ወደ 10 ከፍ አለ፤ የተጨመረው አንድ ብቻ ነው። ነገር ግን አሁን ቆፋሪ በየትኛውም ስፍራ አንድ ጊዜ ቢቆርጠው፣ መልእክቱ በሌላው አቅጣጫ ዞሮ ይደርሳልና ከዐሥሩ አንድም ቦታ አይለይም። በከተማ መረብ እቅድ ውስጥ ከዚህ የበለጠ በጥቂት ወጪ ብዙ የሚያተርፍ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

በ1964 ዓ.ም. ፖል ባራን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ አገሩ በኑክሊየር ጦር ብትመታ መገናኛዋ እንዴት ሊተርፍ ይችላል የሚለውን ጥያቄ ሲመረምር ከዚሁ ወደሚቀራረብ ውጤት ደርሶ ነበር። እያንዳንዱ ቋጠሮ ከሁሉ ጋር መያያዝ አያስፈልገውም፤ ከጥቂት ጎረቤቶቹ ጋር ከተያያዘና መልእክቱ ራሱ የተረፈውን መንገድ እየፈለገ እንዲሄድ ከተደረገ፣ መረቡ ብዙ ጉዳት ይችላል አለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረታችንን በሒሳብ አስረዳው ማለት ነው።

ሐ/ በወረቀት ቀለበት፣ በመሬት ገመድ

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ ቀለበት የሆነ ሁሉ በመሬት ላይ ቀለበት አይደለም። የቀለበቱ ግራና ቀኝ ክንዶች ወንዙን የሚሻገሩት በአንድ ድልድይ ከሆነ፣ ወይም ወጪ ለመቀነስ ሲባል በአንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀበሩ፣ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይበጥሳቸዋል። አንድ መሥሪያ ቤት ለጥንቃቄ ብሎ ከሁለት ኩባንያዎች መስመር ቢከራይም፣ ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ ቱቦ የሚጠቀሙ ከሆነ የከፈለው ለሁለት ደረሰኝ እንጂ ለሁለት መንገድ አይደለም።

ስለዚህ ከመረቡ ሥዕል ጋር የጉድጓዱ ካርታ መኖር አለበት። እያንዳንዱ ቱቦ በየት እንደሚያልፍ፣ ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው፣ በውስጡ የማን ክር እንዳለ፣ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንደቀረ ተጽፎ መቀመጥ ይገባዋል። የውሃው፣ የመብራቱና የመንገዱ ቆፋሪዎችም ዶማ ከማንሣታቸው በፊት ያን ካርታ እንዲያዩ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ቋጠሮውም እንደ መስመሩ ሁለተኛ ያስፈልገዋል። በግንቦት 8 ቀን 1988 ዓ.ም. በአሜሪካ በቺካጎ አጠገብ ሂንስዴል በምትባል ከተማ የሚገኝ አንድ የስልክ ማዕከል በእሳት ተያያዘ። ብዙ መስመሮች በዚያ አንድ ሕንጻ ያልፉ ስለ ነበር 35,000 ያህል ደንበኞች ስልካቸው ተቋረጠ፤ የቺካጎ አየር ማረፊያዎች ሥራ ሳይቀር ታወከ፤ አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ ለመመለስም ሳምንታት ወሰደ። መስመሮቹ ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም የሚያልፉበት በር ግን አንድ ነበር።

መ/ እስከ ቤት ደጃፍ

እያንዳንዱ ቤት በሁለት በኩል መስመር ይግባለት ማለት ግን አይቻልም፤ ገንዘቡ አይገኝም። ስለዚህ መረቡ በደረጃ ይከፈላል። ከተማውን የሚዞረው ዋናው መስመር ቀለበት ይሆናል፤ ሆስፒታሉ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያውና የመብራት ኀይሉ በሁለት አቅጣጫ ይያያዛሉ፤ ከዚያ ወደ ሠፈር፣ ከሠፈርም ወደ ቤት የሚወርደው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይሆናል።

በዚህ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ብዙውን ጊዜ ከማዕከል የሚመጣው አንድ ክር በትንሽ የብርሃን መከፋፈያ ለ32 ቤት ይታደላል። ጂፖን በሚባለው አሠራር አንዱ ክር ወደ ቤቶቹ የሚያወርደው በሴኮንድ 2.5 ጊጋቢት ያህል ነው። ሠላሳ ሁለቱም ቤቶች በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው 78 ሜጋቢት ገደማ ነው። ይህ ለዛሬ ይበቃል። ለነገ ግን በቱቦው ውስጥ ትርፍ ክር ያላስቀረ እቅድ አውጪ፣ ነገ መንገዱን እንደገና መቅደዱ ነው።

ሠ/ ብልህ ከተማ ስለሚባለው

በዘመናችን «ስማርት ሲቲ» ወይም ብልህ ከተማ የሚል ቃል በየስብሰባው ይሰማል። ትርጉሙ በአጭሩ የመንገድ መብራቱ፣ የትራፊክ ምልክቱ፣ የውሃና የኤሌክትሪክ ቆጣሪው፣ ካሜራውም እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ የሚሠሩበት ከተማ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ቀድሞ መስመር ሲቆረጥ የሚቆመው ስልክ ብቻ ነበር። በብልህ ከተማ ግን ሁሉም በአንድ ገመድ ላይ ከተሰቀለ ሁሉም በአንድ ዶማ ይቆማል። ከተማው ብልህ የሚሆነው በካሜራው ብዛት ሳይሆን በመረቡ አሠራር ነው።

የቻታኑጋ ከተማ ምሳሌ ይህን በሚገባ ያስረዳል። በአሜሪካ በቴኔሲ ግዛት የምትገኘው ይህች ከተማ፣ የሕዝብ ንብረት የሆነው የመብራት ድርጅቷ ፋይበር እንዲዘረጋ አደረገች። የፌዴራሉ መንግሥትም 111 ሚሊዮን ዶላር ያህል ረዳ። ድርጅቱ በኤሌክትሪክ መስመሮቹ ላይ 1,200 ያህል ራሳቸውን የሚያዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች አቆመ። ዛፍ ወድቆ ሽቦ ሲበጥስ መሣሪያዎቹ በፋይበሩ ተነጋግረው የተጎዳውን ክፍል ይለያሉ፤ ለቀረው ሠፈርም በሌላ በኩል ኀይል ያዞሩለታል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ክር ለሕዝቡ በሴኮንድ የ1 ጊጋቢት ኢንተርኔት አቀረበ። አንድ ጊዜ የተቆፈረው ጉድጓድ ሁለት አገልግሎት ሰጠ።

የስቶክሆልም ከተማ ደግሞ በ1994 ዓ.ም. ስቶካብ የሚባል የራሷን ድርጅት አቋቋመች። ስቶካብ ቱቦውን ይቀብራል፣ ክሩን ይዘረጋል፤ ያልበራውን ክር ለሚፈልግ ኩባንያ ሁሉ ያከራያል። ብርሃኑን የሚያበራውና ደንበኛ የሚፈልገው ተከራዩ ነው። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ኩባንያ በየተራ መንገድ መቅደድ አያስፈልገውም፤ ትንሹም ኩባንያ ከትልቁ እኩል ይወዳደራል።

ረ/ ጉድጓዱ ሳይደፈን

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ወጣ ብሎ መንገዱን ይመልከት። በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ስም ብዙ ጎዳናዎች ተከፍተዋል፤ በየምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውም ሽቦ ወደ መሬት ውስጥ እየገባ ነው። በ2022 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አገልግሎት ከጀመረ ወዲህም የቴሌኮም ድርጅቶቹ ሁለት ሆነዋል። አገራችን እንደ አርመን የባሕር በር የላትምና የዓለሙ መስመር የሚደርሰን በጎረቤቶቻችን ምድር አልፎ ነው። የሌሎች ስሕተት ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ጉድጓዱ ሳይደፈን ነው።

ጉድጓድ ተከፍቶ ሳለ አንድ ትርፍ ቱቦ መጨመር ትንሽ ወጪ ነው፤ አስፋልት ከፈሰሰ በኋላ ግን እንደ አዲስ መቆፈር ነው። ዋናው ጎዳና ብቻ ተቆፍሮ ወደ ጓሮ ሠፈሮች የሚወጣ ቅርንጫፍ ካልተተወም፣ ከጎዳናው ጀርባ የሚኖረው ሕዝብ ብልህ በተባለው ከተማ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከመረቡ ውጭ ይቀራል። ይህ በሕግ የተወሰነ አድልዎ ባይሆንም ውጤቱ ያው ነው።

ከእኛ መካከል ነገ በማዘጋጃ ቤት፣ በቴሌኮም፣ በመብራት ኀይል ተቀምጠው በእቅድ ላይ የሚፈርሙ አሉ። የማይፈርሙትም ቢሆኑ የሚከፍሉና የሚጠይቁ ዜጎች ናቸው። ስለዚህ የከተማ መረብ እቅድ በፊታችን በቀረበ ጊዜ እነዚህን አራት ጥያቄዎች እናንሣ።

1ኛ/ ይህ መስመር እዚህ ላይ ቢቆረጥ መልእክቱ በየት ይዞራል?
2ኛ/ ሁለተኛው መንገድ በእርግጥ በሌላ ጉድጓድ፣ በሌላ ድልድይ፣ በሌላ ሕንጻ ያልፋልን?
3ኛ/ በቱቦው ውስጥ ለነገና ለሌላ ተጠቃሚ የቀረ ቦታ አለን?
4ኛ/ ከዋናው ጎዳና ጀርባ ላለው ሠፈር የተተወው መውጫ የት ነው?

መልስ ያልተገኘለት እቅድ ካለ፣ ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት ወደ ጠረጴዛው ይመለስ። ያን ጊዜ በምዝገባ ቀን የሚቆፍር ሰው ብናይ እንኳ የምንረግምበት ምክንያት አይኖረንም።