«መራዊ» የማን ስም ነው?

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ የሚጓዝ መንገደኛ መራዊን ሳያይ አያልፍም። ይኸው ስም የወንድ መጠሪያም ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ በባሕር ማዶ የተወለደ አንድ ወጣት በፓስፖርቱ ላይ የቤተሰቡ ስም «መራዊ» ተብሎ ተጽፎ ቢያገኘው፣ «ዘሬ ከዚያች ከተማ ነው» ቢል አይፈረድበትም። በአውሮፓ ከመንደር የተወሰደ የቤተሰብ ስም ብዙ ነውና።

በእኛ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። መርዓዊ በግዕዝ ሙሽራ ማለት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ከራሱ ስም ቀጥሎ የሚጽፈው የአባቱንና የአያቱን ስም ነው። ስለዚህ በፓስፖርቱ ላይ ያለው መራዊ ከተማው ሳይሆን አባት ወይም አያት መሆኑ ይቀርባል። ጎጃሜውን ደራሲ ክቡር ሀዲስ አለማየሁን «አቶ አለማየሁ» ብሎ የሚጠራ የውጭ አገር ሰው፣ የጠራው አባታቸውን ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን የቆየ ልማዱን አልለቀቀም።

ታዲያ ስሙ ከአያት ካላለፈ፣ የጎጃም ሰው ዘሩን በምን ያውቃል? በቆጠራ ነዋ! ቆጠራውም ለወግ ብቻ አልነበረም፤ እንጀራ ነበረበት። በርስት ዘመን መሬት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን አስቀድሞ ከያዘው ከዋና አባት መወለዱን ማስረዳት ነበረበት። አሜሪካዊው አላን ሆቤን ከፍኖተ ሰላም በላይ በደጋ ዳሞት ይህን ሥርዓት አጥንቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለ ነበር፣ ከቅድመ አያት አልፎ እስከ ምንጅላት በሚዘልቀው ቆጠራ ውስጥ ሴቶች አያቶችም ነበሩበት። ስማቸው በማንም ፓስፖርት ላይ አይገኝም፤ ነገር ግን እነርሱ ከተረሱ ርስቱም ይቀር ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን የርስት ክርክር አበቃ። የቆጠራውም ትልቁ ምክንያት አብሮት ሄደ። ለጋብቻ ሲባል ሰባት ቤት መቁጠር ባይቀርም፣ የሩቁን ሐረግ የሚያውቅ ሽማግሌ ባለፈ ቁጥር አንድ መዝገብ ይዘጋል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የዘርዎን ምንጭ የሚሹ ከሆነ በስሙ ትርጉም ብቻ አይድከሙ። በመጀመሪያ ስሙ የአባት ይሁን የአያት ይለዩ። ቀጥሎም የተወለዱበትን አጥቢያና የክርስትና ስማቸውን ይጠይቁ፤ አንድ ሰው በቤት በአንድ ስም፣ በቤተ ክርስቲያን በሌላ ስም ሊታወቅ ይችላልና። ከሁሉ በላይ «እናቱስ የማን ልጅ ነበረች?» ማለትን አይርሱ። መልሱንም ሽማግሌው ሳሉ በጽሑፍ ያኑሩት።