ሕዝብ በፊርማው ሕግ ሲያቀርብ

ሕግ የሚወጣው በምክር ቤት ነው። በአሜሪካ አገር ግን ከ50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች ግማሽ ያህሉ ሌላም መንገድ አላቸው። ሕዝቡ ራሱ የሕግ ሐሳብ ያረቃል፤ ፊርማ ያሰባስባል፤ ፊርማው ከሞላ ሐሳቡ በምርጫ ቀን ለሕዝብ ይቀርባል። መራጩም «አዎ» ወይም «አይሆንም» ብሎ ድምፁን ይሰጣል።

ታዲያ ማንም እየተነሣ የመጣለትን ሁሉ ለድምፅ ያቀርባል ማለት ነው? አይደለም። ወንፊት አለው። ወንፊቱን በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት እንየው።

ካሊፎርኒያ በአሜሪካ ምዕራብ፣ በውቅያኖስ ዳር ያለች፣ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሕዝብ የሚኖርባት ክፍለ ግዛት ናት። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ትልቅ የባቡር ኩባንያ በገንዘቡ ብዙ ሹማምንትን በእጁ አስገብቶ ነበር። ገበሬው ምርቱን ወደ ገበያ የሚልከው በዚያው ባቡር ነው፤ ዋጋው ከበደኝ ብሎ አቤት ቢል ማን ይስማው? በ1910 ሂራም ጆንሰን የተባለ ሰው ኩባንያውን ከመንግሥት ሥራ አስወጣለሁ ብሎ ተወዳደረና አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1911 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፤ ሕዝቡም በፊርማ ሕግ የማቅረብ መብት አገኘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐሳብ ያለው ሰው ረቂቁን ጽፎ ከ2,000 ዶላር ጋር ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያስገባል። ገንዘቡ የሚጠየቀው ለቀልድ የሚመጣውን ለመቀነስ ነው፤ ሐሳቡ ለድምፅ ከበቃ ይመለስለታል። ዐቃቤ ሕጉ ለረቂቁ ርእስና ከ100 ቃል የማይበልጥ ማብራሪያ ይጽፍለታል። ይህችን አጭር ጽሑፍ አትናቋት። ረጅሙን ረቂቅ የሚያነበው ስንቱ ነው? አብዛኛው ሰው የሚያየው እርሷን ነው። ስለዚህ በአንዲት ቃል ምክንያት ፍርድ ቤት ድረስ የሚካሰሱ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ፊርማ ማሰባሰብ ይመጣል፤ ጊዜው 180 ቀን ነው። ብዛቱ የሚሰላው ባለፈው የአገረ ገዥ ምርጫ ድምፅ ከሰጠው ሰው ነው። ተራ ሕግ ከሆነ ከመቶ 5 እጅ፣ ሕገ መንግሥት የሚለውጥ ከሆነ ከመቶ 8 እጅ ያስፈልጋል። በ2022ቱ ምርጫ ሲሰላ ለተራው ሕግ 546,651፣ ለሕገ መንግሥቱ 874,641 ፊርማ ሆነ። እስቲ ትንሹን ለ180 ቀን አካፍሉት፤ በየቀኑ ከ3,000 በላይ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ በበጎ ፈቃድ ብቻ መሰብሰብ ከባድ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያላቸው ሰብሳቢ ይቀጥራሉ፤ ቅጥረኛው በገበያ ደጃፍ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ያስፈርማል፤ ብዙ ጊዜም የሚከፈለው በአንድ ፊርማ ይህን ያህል ተብሎ ነው። እንደ እኔ ሐሳብ የዚህ አሠራር ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። የባለገንዘብን ኃይል ለመግታት የተከፈተ በር ለባለገንዘብም ሰፊ ሆነ።

መፈረም የሚችለው በዚያ ክፍለ ግዛት በመራጭነት የተመዘገበ ዜጋ ብቻ ነው። እዚያ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ዜግነት አግኝተው ከተመዘገቡ ይፈርማሉ። ፈራሚው ስሙንና አድራሻውን በገዛ እጁ ይጽፋል። መጻፍ የማይችል ቢሆንስ? ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ ምልክቱን ግን ራሱ ያደርጋል፤ አንድ ምስክርም ይፈርምበታል።

ፊርማው ሲሞላ ወደየአውራጃው ምርጫ ጽሕፈት ቤት ይገባል። ያን ሁሉ አንድ በአንድ ማየት ብዙ ጊዜ ይፈጃል። እህል ነጋዴ ጆንያውን ሁሉ ዘርግፎ አያይም፤ ከዚህም ከዚያም ዘግኖ ነው የሚያየው። እነርሱም እንዲሁ ያደርጋሉ። በዕጣ ከመቶው 3 እጁን ያወጣሉ፤ ይህ ከ500 ካነሰ ግን 500 ፊርማ ይመረምራሉ። ሰውየው ተመዝግቧል ወይ? ፊርማው በመዝገብ ካለው ጋር ይመሳሰላል ወይ? ሁለት ጊዜ ፈርሟል ወይ? ከዚህ ተነሥተው የጠቅላላውን ደኅና ፊርማ ብዛት ይገምታሉ። የሚፈለገው 100 ቢሆን ግምቱ ከ110 ካለፈ ሐሳቡ አልፏል፤ ከ95 ካነሰ ወድቋል። በመካከል ከሆነ ግን ጆንያው ይዘረገፋል፤ ሁሉም አንድ በአንድ ይታያል። ይህ ሁሉ ከምርጫው 131 ቀን በፊት ማለቅ አለበት፤ ያለዚያ ለሚቀጥለው ምርጫ ይቆያል።

ያለፈው ሐሳብ ቁጥር ይሰጠዋል። የደጋፊና የተቃዋሚ ክርክር የታተመበት መጽሐፍም ለመራጩ በየቤቱ ይላካል። ከግማሽ በላይ «አዎ» ካለ ሕግ ይሆናል፤ አገረ ገዥው ሊሽረው አይችልም።

የፊርማ ደንብ ቀልድ እንዳልሆነ ሚሲሲፒ በተባለው ክፍለ ግዛት ታይቷል። እዚያ በ1992 የወጣው ደንብ ከሚፈለገው ፊርማ ከአንድ የምርጫ ወረዳ ከአምስት አንድ እጅ በላይ አይቆጠርም ይላል። ያኔ ለአገሪቱ ምክር ቤት የሚመርጡት ወረዳዎች አምስት ነበሩ። ከ2000ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ አራት ሆኑ፤ ደንቡን ግን ማንም አላስተካከለም። የሚፈለገው 100 ፊርማ ቢሆን ከየወረዳው 20 ብቻ ይቆጠራል፤ አራት ጊዜ 20 ደግሞ 80 ነው። በ2020 ሕዝቡ ካናቢስ የተባለው ዕፅ ለሕክምና እንዲፈቀድ በብዙ ድምፅ ወሰነ። በ2021 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፊርማው እንደ ደንቡ ሊሞላ አይችልም ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ምክር ቤቱ በ2022 ዕፁን ለሕክምና የሚፈቅድ ሕግ ራሱ አወጣ፤ የፊርማው መንገድ ግን በዚያ ፍርድ ተዘጋ።