አልበላ ያለ ሕፃን፦ ሕፃናት ምግብ የሚመርጡት ለምንድን ነው?

ትናንት እንቁላሉን ጥርግ አድርጎ የበላ ሕፃን ዛሬ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ጎመን ሲያይ ከንፈሩን ይገጥማል፤ ዳቦ ብቻ ካልተሰጠኝ ብሎም ያለቅሳል። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ኖሮት ይህን ያላየ ቤት ጥቂት ነው። አንዳንዱ ወላጅ «ልጁ ታሟል» ብሎ ይጨነቃል፤ ሌላው ደግሞ «ምርጫው ነው» በማለት የሚወደውን አንድ ምግብ ብቻ እየደጋገመ ያቀርባል። ጭንቀቱ ብዙውን ጊዜ ያለ ቦታው ነው፤ ጉዳት የሚያመጣው ሁለተኛው ነው።

ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ከ2 እስከ 2 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። የዕድገቱ ፍጥነት ሲቀንስ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ በሽታ አይደለም። በተጨማሪም ልጁ መራመድ ከጀመረ በኋላ የማያውቀውን ምግብ መፍራት ይጀምራል። በተለይ እንደ ጎመን መረር የሚሉ ምግቦችን ይጠራጠራል። የዘርፉ ተመራማሪዎች ይህን ፍርሃት በእግሩ መሄድ የጀመረን ሕፃን አፉ ከገባ መርዝ ለመጠበቅ ከተፈጥሮ የተሰጠ ጥንቃቄ አድርገው ይመለከቱታል።

ጉዳዩ በአማራ ክልል ከማዕድ ቤት ንትርክ ከፍ ያለ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በክልሉ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወራት ከሆኑት ሕፃናት በቂ ስብጥር ያለው ምግብ ያገኙት 14 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በዋግ ኽምራዋ ከተማ ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስቀረት የተገባ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታየት አለበት። መራጭ ከሚባሉት ሕፃናት መካከል የሚመርጡት ነገር ጨርሶ ያልቀረበላቸው አሉ። ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ፀዳና በአካባቢዋ ጤፍና ሽምብራ ይታወቃሉ፤ ከፍ ብሎ በዳባትና በደባርቅ ደጋዎች ደግሞ ገብስ፣ ባቄላና ድንች ይመረታሉ። ዶሮ የሌለበት የገበሬ ግቢም ብዙ አይደለም። ሆኖም እንቁላሉና ቅቤው ለገበያ ይወጣሉ፤ ለሕፃኑ የሚቀረው እንጀራና ሽሮ ነው። ጨውና ሳሙና በእንቁላል ዋጋ የሚገዛበት ቤት መሸጡ የሚያስወቅሰው አይደለም። ነገር ግን ከሚሸጠው ውስጥ አንዷን እንቁላል ለልጁ ማስቀረት የብዙ ቤቶች አቅም የሚፈቅደው ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ጾም ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾም ቀናት በዓመት ከ180 በላይ ናቸው። ሕፃናት እንዲጾሙ ባይገደዱም፣ ዕቃው ይነካካል በሚል ስጋት በጾም ወቅት ወተትና እንቁላል ከቤት ይጠፋሉ። ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ መለየት ይህን ስጋት ያስወግዳል።

ምግቡ ከቀረበ በኋላ የሚቀረው ትዕግሥት ነው። አንድ ሕፃን አዲስ ምግብ እስኪለምድ ድረስ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ሊቀርብለት እንደሚችል ጥናቶች ያመለክታሉ። አብዛኛው ወላጅ ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ተስፋ ቆርጦ «አይወድም» ብሎ ይደመድማል። የሚቀርበውም ብዙ መሆን የለበትም፤ ልጁ ከሚወደው ምግብ አጠገብ አንድ ጉርሻ የማይሞላ ጎመን ወይም የተቀቀለ ዱባ ማስቀመጥ ይበቃል። ነክቶት፣ አሽትቶት፣ ቀምሶ ቢተፋውም መልመድ ጀምሯል ማለት ነው።

በአንጻሩ አፍንጫ ይዞ መጋት ወይም እጅና እግር አስሮ ማጉረስ በየአካባቢው ሳይጠፋ የቆየ፣ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ልጁም ያንን ምግብ ከፍርሃት ጋር አያይዞ ይይዘዋል። «ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» ማለትም ብዙ አይሻልም፤ ሕፃኑ ከዚህ የሚረዳው ከረሜላው ሽልማት፣ ጎመኑ ቅጣት መሆኑን ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ መብላቱንና መጠኑን የሚወስነው ልጁ ነው።

ይህ ክፍፍል የሚሠራው ግን ልጁ ርቦት ሲቀርብ ነው። በከተማ ቤቶች ልጅን ለማባበል የሚሰጡት ሻይ፣ ብስኩትና የታሸገ ጭማቂ ምሳውን አስቀድመው ይነጥቁታል። ሻይ ከዚህም አልፎ ሰውነት ከጥራጥሬና ከጎመን የሚያገኘውን ብረት እንዳይወስድ ይከለክላል። ወተትም ቢሆን በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ሲሆን ሌላውን ምግብ ይገፋል። ዕድሜው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ለሆነ ሕፃን ከጡት ወተት በተጨማሪ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ምግብ፣ በመካከሉም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መክሰስ በቂ ነው።

የአገራችን የጋራ ማዕድ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የተመቸ ነው፤ ልጅ ታላላቆቹ ሲበሉ ያየውን ለመብላት ይደፍራል። ጉድለቱ ግን እጁ ዘገምተኛ የሆነው ሕፃን ምን ያህል እንደበላ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ የራሱን ድርሻ በራሱ ትንሽ ሳህን ማግኘት ይኖርበታል። ወጡ በርበሬ ሳይገባበት የልጁን ማስቀረት ወይም በነጭ ሽሮ መሥራትም «አይወድም» የተባለውን ምግብ ተወዳጅ ሊያደርገው ይችላል፤ ሕፃኑ የጠላው ማቃጠሉን ሊሆን ይችላልና።

ገንፎውንም ማበልጸግ አይከብድም። ሦስት እጅ ገብስ ወይም ጤፍ ከአንድ እጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ ጋር ተቆልቶና ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ምጥን ዱቄት፣ ከእህል ብቻ ከሚሠራው አጥሚት እጅግ ይሻላል። የቀድሞዎቹ ወላጆች የሚያስታውሱት ፋፋም የተቀመመው በዚሁ እህልንና ጥራጥሬን የማደባለቅ ሐሳብ ነበር። ገንፎው ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ወፍራም ይሁን፤ እንቁላል ወይም የተፈጨ ካሮት ሊጨመርበት ይችላል። ሆኖም ሁሉን ነገር ገንፎ ውስጥ መደበቅ ልጁን ከካሮት ጋር አያስተዋውቀውም፤ አልፎ አልፎ ካሮቱ ለብቻው ተቀቅሎ ይቅረብለት። ቆሎና ለውዝ ግን ትንፋሽ ሊያሳጡ ስለሚችሉ ለዚህ ዕድሜ አይሰጡም።

የማይበላ ልጅ ሁሉ መራጭ ነው ማለትም አይደለም። የአንጀት ትላትል፣ የደም ማነስና የአፍ ቁስለት ፍላጎትን ይዘጋሉ። ክብደቱ የቀነሰ፣ የሚያስመልሰው፣ ተቅማጥ የማይለቀው፣ የደነዘዘ ወይም እግሩ ያበጠ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በጤና ኬላ የሚገኙት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የክንዱን ዙሪያ በቀለማት በተከፈለ መለኪያ ይለካሉ፤ ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወራት በሆነ ሕፃን ላይ ልኬቱ ከ12 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት ምልክት ነው፤ ከ11 ነጥብ 5 በታች ከሆነ ደግሞ እጥረቱ ከባድ ስለሆነ ሕክምናው በዚያው ቀን መጀመር ይኖርበታል።