በበርሜሉ ውስጥ የነበረው ዓሣ

እኛ ጣና ዳር የምንኖር ነን። ዓሣ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በደንገል ታንኳ ሲመጣ እናያለን፤ እንሸጣለን፤ እንበላለን። ዓሣ ማሳደግ ግን አናውቅም ነበር። የታመመ ዓሣ ማስታመምማ ጭራሽ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንድ አስጋሪ ጎረቤታችን መረቡን ሲያራግፍ መዳፍ የማይሞላ ቀረሶ ከነሕይወቱ ወደቀ። የዘጠኝ ዓመት ልጁ አየና «አባባ፣ ይኸንን ለእኔ ተውልኝ» አለ። አባትየውም «ለወጥ አይበቃ፤ ውሰደው» አለው።

ልጁ ዓሣውን በጣሳ ይዞ ማታ ማታ ፊደል ወደምንቆጥርበት ግቢ መጣ። በዚያ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ነበር። 100 ሊትር ያህል ይይዛል። የሐይቅ ውኃ ሞላንበት። ጎኑ ያበራ ስለ ነበር ስሙን ብሩ አልነው። አንዲት እናታችን ከሰል አንሥተው በበርሜሉ ላይ «አሳ» ብለው ጻፉ። አስተማሪያችን «እማማ፣ በዐይኑ ዐ እና በንጉሡ ሠ ነው» ቢላቸው አጥፍተው «ዓሣ» አሉት። ያለ ማንም እርዳታ የጻፉት የመጀመሪያ ቃላቸው ይኸው ነው።

ብሩን ወደድነው። መውደዳችን ግን በዛ። የመጣ ሁሉ እንጀራ ይፈረፍርለታል፤ በሶ ይበትንለታል። እሱ ጥቂቱን ይበላል፤ የቀረው ከሥር ይበሰብሳል። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ሌሊቱ በረደ። ጣና 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ውኃ ነው፤ በአንድ ሌሊት ብርድ አይናወጥም። በርሜል ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቀረሶ ሙቀት የሚወድ ዓሣ ነው። ሲበርደው መብላት ያቆማል፤ አቅምም ያጣል።

አንድ ቀን ጠዋት ብሩ ከላይ ተንሳፎ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አገኘነው። በጅራቱ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር በቅሎበታል። ደነገጥን። «ውኃው ቆሽሾ ነው» አልንና ሁሉንም ደፋነው። የቦኖ ውኃ ቀድተን ሞላን። ይባስ ብሎ አንዳችን «ለሰው የሚበጅ ለዓሣ ምን ይከፋል?» ብሎ የመጠጥ ውኃ ማከሚያ ክሎሪን ጠብ አደረገበት። እኛም አልከለከልነውም።

ብሩ በጎኑ ተኛ።

ልጁ አለቀሰ። አስተማሪያችን ወደ አንድ የዓሣ ባለሙያ ስልክ ደወለ። ባለሙያው እንዲህ አስረዳን። በዓሣ ራስ ግራና ቀኝ ክዳን አለ። ከክዳኑ ሥር እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ቀይ ሥጋ ይገኛል። ዓሣ በውኃ ውስጥ ያለውን አየር የሚስበው በዚያ ነው። ክሎሪን ይኸን ሥጋ ያቃጥላል። ውኃ ሲቀየርም ከፊሉ ብቻ ይቀየራል እንጂ አንድ ጊዜ አይደፋም። «አሁን የሐይቅ ውኃ አምጡ፤ ፀሐይ ላይ አሙቁት። ለ100 ሊትር 100 ግራም ጨው ጨምሩ። ምግብ አትስጡት» አለን።

በጀሪካን ውኃ አመላለስን። በርሜሉን በጆንያ ሸፈንን። አየር እንዲገባበትም ውኃውን በጣሳ እየቀዳን ከላይ እናንጠባጥብ ነበር። ለዚህም ሌሊቱን በተራ ተቀመጥን። ለአንድ ዓሣ! ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሳቀብን።

ልጁ አልተኛም። አባቱ ሊያጽናናው ብሎ ስለ ቀረሶ አወራው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ልጆቿ ከወጡም በኋላ አስፈሪ ነገር ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

«የብሩ እናት ታዲያ የት ናት?» አለ ልጁ።

«ሐይቅ ውስጥ ነቻ።»

«እንመልሰው፣ አባባ።»

ባለሙያው የታመመ ዓሣ ወደ ሐይቅ እንዳይለቀቅ፣ በሽታውም ወደ ሌሎች እንዳይዛመት አስጠንቅቆን ነበር። ስለዚህ «ሲድን እንመልሰዋለን» አልነው። ሁላችንም ቃል ገባን።

በማግሥቱ ብሩ ቀና ብሎ ዋኘ። ዳነ ብለን ቡና አፈላን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጆንያውን ስናነሣ ሞቶ አገኘነው። ብርዱ ይሁን፣ የበሰበሰው ምግብ ይሁን፣ ክሎሪኑ ይሁን፣ ለይተን መናገር አንችልም። ሦስቱም የእኛ ሥራ ናቸው።

አንዱ ለድመት እንስጠው ቢል ልጁ ተቆጣ። ከፓፓያው ሥር ቀበረው። አባቱ ሌላ ዓሣ አመጣልሃለሁ ሲለው «ተወው አባባ፤ እዚያው ይሁን» አለ።

በርሜሉ አሁን የችግኝ ውኃ መያዣ ነው። ዝናብ በመታው ቁጥር ከሰሉ ይለቃል። እማማም እየመጡ መልሰው ይጽፉታል፤ በዐይኑ ዐ እና በንጉሡ ሠ።