ለአንድ ሳምንት የታተመ ወረቀት
የቆዩ የፊልም ፖስተሮችን መሰብሰብና በጨረታ መግዛት ለሚያስቡ ቤተሰቦች

እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካ የተሠራ «ለንደን አፍተር ሚድናይት» የተሰኘ ድምፅ አልባ ፊልም ነበር። ዛሬ ይህን ፊልም ልይ ቢሉ አያገኙትም። የመጨረሻው የታወቀ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1965 በኤም ጂ ኤም የፊልም መጋዘን በተነሣ እሳት ወድሟል። ከማስታወቂያዎቹ አንድ ፖስተር ግን ተርፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በዳላስ ከተማ በሚገኘው ሄሪቴጅ የተባለ አጫራች ድርጅት በኩል በ478,000 ዶላር ተሸጠ። ፊልሙ ጠፍቶ ማስታወቂያው ቀረ ማለት ነው።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ፖስተር፣ ባነርና በራሪ ወረቀት ማሳተም የዕለት ተዕለት ሥራዬ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ፖስተር ዕድሜው የሚለካው በቀናት ነው። ዝግጅቱ ሲያልፍ ይቀደዳል፤ ካልተቀደደም ሌላ ይለጠፍበታል። የፊልም ፖስተርም የተፈጠረው ለዚሁ ነበር፤ ሰውን ወደ ሲኒማ ቤት ጠርቶ፣ ፊልሙ ሲወርድ አብሮ ሊወርድ። ውድ ያደረገውም ይኸው ነው። ሁሉም ሰው ስለጣለው ያልጣለው ሰው እጅ ላይ ብርቅ ሆነ።

ይህ ጽሑፍ «ዶላር ይዘው ጨረታ ይግቡ» ለማለት የተጻፈ አይደለም። ጨረታው እንዴት እንደሚሠራ ላሳይዎት፤ ከዚያ ግን ከሁሉ የሚሻለው ስብስብ ከቤትዎ ብዙም ሳይርቅ፣ ሊቀደድ ጥቂት ቀን የቀረው ወረቀት ሊሆን እንደሚችል ልነግርዎት እፈልጋለሁ።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

የአንድን የቆየ ፖስተር ዋጋ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ምን ያህል ቅጂ መትረፉ ነው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 ለታየው «ሜትሮፖሊስ» ከታተመው ዝነኛ ፖስተር መኖራቸው የሚታወቀው አራት ያህል ብቻ ናቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 በ690,000 ዶላር ተሽጧል። ሁለተኛው ፊልሙ በሰው ልብ ውስጥ ያለው ቦታ ነው። ሦስተኛው ይዞታው ነው፤ ቀለሙ ለቋል ወይ? ጠርዙ ተቆርጧል ወይ? ውሃ ነክቶታል ወይ?

በጨረታ ላይ ደግሞ አራተኛ ነገር ይጨመራል፤ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። አንድ ፈላጊ ብቻ ካለ ዋጋው ከመነሻው ብዙም አይርቅም። ሁለት ልበ ደንዳኖች ከተገናኙ ግን ወረቀቱ ከሚገባው በላይ ይወጣል። ፈላጊ ካልመጣስ? እ.ኤ.አ. በ1997 «ዘ መሚ» የተባለው የ1932 ፊልም ፖስተር በሶዝቢስ ጨረታ በ453,500 ዶላር ተሽጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የዚሁ ፊልም ሌላ ቅጂ እዚያው ሶዝቢስ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ቢቀርብ ገዢ አጥቶ ተመለሰ።

ስለዚህ ፖስተርን እንደ ቁጠባ አይቁጠሩት። የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት መሥሪያ ገንዘብ ወይም የዕቁብ ብር ወደዚህ ማዞር አይገባም። ቢጠፋ ቤተሰቡን በማያናጋ ገንዘብ፣ ግድግዳዎ ላይ ሰቅለው ሊያዩት የሚወዱትን ብቻ ይግዙ።

ጨረታ ለእኛ እንግዳ አይደለም

አዲስ ዘመንን ወይም የክልላችንን በኩር ጋዜጣ የሚያገላብጥ ሰው የጨረታ ማስታወቂያ አያመልጠውም። አንዱ ዓይነት በታሸገ ኤንቨሎፕ ነው፤ ሌላው ሰው እያለ ዋጋ እየተጠራ የሚካሄደው ሐራጅ ነው። የፖስተር ጨረታ የሚመስለው ሐራጁን ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ አብዛኛው በኢንተርኔት መካሄዱ ነው።

ሌላም የምናውቀው ጨረታ አለ። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ወይም ለልማት ገቢ ሲሰበሰብ አንድ ሥዕል ይወጣና ዋጋው ከተጨባጭ ዋጋው አሥር እጥፍ ይደርሳል። እዚያ አብልጦ የከፈለ ይመረቃል። በፖስተር ጨረታ አብልጦ የከፈለ ሰው የሚያገኘው ደረሰኝ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ይዘው ይግቡ። ሌሎቹ ጥንቃቄዎች እነዚህ ናቸው።

ጣሪያዎን አስቀድመው ይወስኑ። ከባለቤትዎ ጋር ተመካክረው ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉት። ጨረታው ሲሞቅ «አንድ ጊዜ ብቻ ልጨምር» የሚለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ካለ ማቆም ይቀላል።

ሙሉውን ሒሳብ ይሥሩ። አጫራቾች ከአሸናፊው ዋጋ ላይ የገዢ ኮሚሽን ይጨምራሉ፤ ከ20 እስከ 25 በመቶ መሆኑ የተለመደ ነው። ለምሳሌ በ200 ዶላር ቢያሸንፉና ኮሚሽኑ 25 በመቶ ቢሆን ክፍያዎ 250 ዶላር ነው። የመላኪያው 40 ዶላር ቢሆን 290 ይደርሳል። ጉምሩክ ገና አልተጨመረም። ጣሪያዎን ሲወስኑ ከመጨረሻው ድምር ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

የቀድሞ ዋጋዎችን ይመልከቱ። ታዋቂ አጫራቾች ከዚህ በፊት የሸጡትን ከነፎቶውና ከነዋጋው በድረ ገጻቸው ያስቀምጣሉ። ተመሳሳይ ፖስተር በስንት እንደወጣ ሳያዩ ዋጋ አይስጡ።

የጀርባውን ፎቶ ይጠይቁ። ፊቱ የሚያምር ፖስተር ጀርባው በፕላስተር የተለጣጠፈ ሊሆን ይችላል። ስለ ቀዳዳ፣ ስለ እድሳትና ስለ ተቆረጠ ጠርዝ በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ።

ክፍያውን አስቀድመው ያዘጋጁ። ዋጋ ሰጥቶ ማሸነፍ የመግዛት ግዴታ ያመጣል፤ «ሐሳቤን ቀየርኩ» አይሠራም። የውጭ ምንዛሪውን ጉዳይ ከባንክዎ ጋር ሳይጨርሱ፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲከፍልልዎ ሳይስማሙ አይጫረቱ።

እውነተኛውን ከቅጂው መለየት

የቆየ የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ፖስተር የተለመደ መጠኑ 27 በ41 ኢንች፣ ማለትም 69 በ104 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለቤት ማስጌጫ እንደገና የሚታተሙት ብዙ ጊዜ 61 በ91 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያዎ ሜትር ነው።

ሁለተኛው እጥፋት ነው። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ፖስተሮች ወደ ሲኒማ ቤቶች የሚላኩት በአብዛኛው ታጥፈው ነበር። የ1950ዎቹ ፖስተር ነው ተብሎ አንድም የእጥፋት ምልክት ከሌለው ይጠርጥሩ። ሦስተኛው ከታች ያሉት ጥቃቅን ጽሑፎች ናቸው። ቅጂ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ኅትመት ላይ ፎቶ ተነሥቶ ስለሚታተም ትንንሾቹ ፊደላት ይደበዝዛሉ። በማጉያ መነጽር ሲታዩ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ የውጭ ፖስተር ለሚፈልግ አንድ ጥሩ መነሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በከፊል የተቀረጸው በአገራችን ነው። ፖስተሩ ከላይ ከጠቀስኳቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው።

የራሳችንስ?

«ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ ኢትዮጵያ የራሷን ረጅም ልብ ወለድ ፊልም አየች። በ1960ዎቹ «ጉማ» ተከተለ፤ ዛሬ የሚሰጠው የጉማ ሽልማት ስሙን ያገኘው ከዚህ ፊልም ነው። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን፣ በ1993 «ሳንኮፋ»ን አቀረበ። በ2008 ደግሞ «ጤዛ» በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ።

እነዚህ ሁሉ በየዘመናቸው ፖስተር ነበራቸው። በ1990ዎቹ የቪዲዮ ፊልም ሲስፋፋ ደግሞ ግድግዳው ሁሉ የአማርኛ ፊልም ፖስተር ሆነ፤ ቀጥሎም የቪሲዲ ልባስ መጣ። ያን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ የቪዲዮ ቤቶችን በር አይረሳም፤ የዕለቱ ፊልም ስም በጠመኔ ተጽፎ፣ አጠገቡ ፀሐይ ያነጣው ፖስተር ተለጥፎ። ቪዲዮ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ ካሴቱም ማጫወቻውም የለም። እንደ «ለንደን አፍተር ሚድናይት» ሁሉ ከአንዳንዱ ፊልም ወደፊት የሚተርፈው ፖስተሩ ሊሆን ይችላል፤ ያስቀመጠው ሰው ካለ።

ጋናውያን የደረሰባቸውን እንመልከት። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጋና ውስጥ ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ማጫወቻና ጄኔሬተር ጭነው ከመንደር መንደር የሚዞሩ ፊልም አሳዪዎች ነበሩ። ሠዓሊዎች በተሰፉ የዱቄት ጆንያዎች ላይ ፖስተሩን በእጃቸው ይሥሉላቸው ነበር። ዛሬ እነዚያ ጆንያዎች በአሜሪካና በአውሮፓ ጋለሪዎች ይሸጣሉ፤ «ኤክስትሪም ካንቫስ» በሚባል መጽሐፍም ታትመዋል። መጽሐፉን ያዘጋጀው ግን ጋናዊ ሳይሆን አሜሪካዊ የጋለሪ ባለቤት ነው። የራሳችንን መጀመሪያ እኛ ብንሰበስበው ይሻላል።

ከቆሰበር መጀመር

ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ እኔ የምኖረው ደግሞ ብዙዎች እንጅባራ በሚሏት ቆሰበር ነው። ይህ ሰበብ አይሆንም። ፊልም ለማሳየት ወደ ከተማችሁ የሚመጡ ሰዎች ፖስተር ይዘው ይመጣሉ። ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ አስፈቅዶ አንድ መውሰድ ይቻላል። እንዲያውም ከግድግዳ የተላጠ ሳይሆን ያልተለጠፈ ትርፍ ቅጂ ይጠይቁ፤ ከሙያዬ እንደማውቀው ሁልጊዜ ጥቂት ይተርፋል። ማተሚያ ቤቶችም ለናሙና ያስቀሩት ሊኖራቸው ይችላል። አሮጌ ቪዲዮ ቤት የነበረው ሰው ዕቃ ቤቱን እንዲያይልዎ ቢለምኑ፣ ለድካሙም የሚገባውን ቢከፍሉ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

ስብስቡ የግድ በፊልም መወሰን የለበትም። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ያከብራል። የየዓመቱን ፖስተር አንድ አንድ ያስቀረ ቤተሰብ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማንም በገንዘብ ሊገዛው የማይችል ስብስብ ይኖረዋል።

ከእርጥበት፣ ከፀሐይና ከላሚኔሽን ይጠብቁት

እንደኛ ባለ ደጋ አገር የወረቀት ትልቁ ጠላት የክረምት እርጥበት ነው። ፖስተሩን ከግንብ ግድግዳ ጋር አስጠግተው ወይም መሬት ላይ አያስቀምጡ። በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል አድርገው በሰፊ መሳቢያ ውስጥ ያስተኙት፤ በጋው ሲገባ አውጥተው ያናፍሱት። ወጥ ቤት አጠገብ አይስቀሉ፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳም አይሁን።

ሁለት ነገሮችን በፍጹም አያድርጉ። የተቀደደውን በስኮች ፕላስተር አይለጥፉ፤ ማጣበቂያው ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል። እንደ ትምህርት ማስረጃም ላሚኔት አያስደርጉት፤ ላስቲኩ አንዴ ከተጣበቀ አይለቅም፤ ፖስተሩ በሰብሳቢዎች ዘንድ ያለውን ዋጋም ያጠፋዋል።

ፍሬም ከፈለጉ ቆሰበር የቀርከሃ አገር ናት። ከመንገዱ ዳር ወንበርና መደርደሪያ የሚሠሩት ባለሙያዎች በልክዎ ፍሬም ይሠሩልዎታል። ፖስተሩ ግን መስታወቱንም ቀርከሃውንም እንዳይነካ ዙሪያውን ነጭ ካርቶን ያስገቡበት።

በመጨረሻም ልጆችዎን ያሳትፏቸው። በጀርባው ጥግ ላይ በእርሳስ፣ በቀስታ፣ ፊልሙ የታየበትን ቀን፣ ቦታውንና ፖስተሩን የሰጣችሁን ሰው ስም ይጻፉ። በእስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ሊዘልቅ ይችላል። አያት ቤት ውስጥ ካሉ ያን ፊልም ከማን ጋር እንዳዩት፣ መግቢያው ስንት እንደነበር ይጠይቋቸውና መልሳቸውን በሌላ ወረቀት ጽፈው አብረው ያስቀምጡ። አጫራቾች የአንድን ዕቃ ታሪክ ለማጣራት ብዙ ይደክማሉ። እርስዎ ግን ታሪኩን ያየው ሰው አጠገብዎ ሳለ በነጻ መጻፍ ይችላሉ።