የጎረቤት ልጅ በቤትዎ ለመያዝ ሲያስቡ፦ ከመጀመርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎት

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። ፈቃዱ አልቆ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ ገና የሦስት ወር ልጅ ነው። ጡት እንጂ ሌላ ምግብ አይጀምርም፤ የ14ኛ ሳምንት ክትባቱንም አልወሰደም። ታዲያ ማን ይያዘው?

ፒያሳ አካባቢ የዚህ ጥያቄ መልስ ለረጅም ጊዜ አያት ወይም የግቢ ጎረቤት ነበረች። በደጃች ውቤ ሰፈርም ሆነ በሠራተኛ ሰፈር፣ በር ለበር በሚተያይ ግቢ ውስጥ ልጅ የሁሉም ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ግን ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሄደዋል፤ ጎረቤትም ተበታትኗል። ስለዚህ ቤት የምትውል ሴት «ልጄን ትይዢልኛለሽ? እከፍልሻለሁ» ተብላ ብትጠየቅ አይገርምም።

ለአንድ ቀን መያዝ ውለታ ነው። በየቀኑ ሁለት ሦስት ልጅ በክፍያ መያዝ ግን ሥራ ነው፤ የልጆቹም ሕይወት በእርስዎ እጅ ነው። ይህ ጽሑፍ ሥራውን ለመጀመር ላሰቡም፣ ልጃቸውን ለሚሰጡ ወላጆችም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የራስዎን ጤና ይዩ

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለብዎ ልጅ ከመያዝዎ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርጉ። በሽታው በሕፃናት ላይ ይከፋል። በቤቱ የሚኖር ሌላ ሰው የሚያስል ከሆነም እንዲሁ ይመርመር።

ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ከሆነ ይህ ልጅ ከመያዝ አይከለክልዎትም። ቫይረሱ በማቀፍ፣ በመሳም ወይም በአንድ ዕቃ በመብላት አይተላለፍም። መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፤ ቁስል ካለዎት ይሸፍኑ። ነገር ግን ማንኛዋም ሴት፣ ጤነኛ ነኝ ብትልም፣ የሌላ ሰው ልጅ አለቀሰ ብላ ጡቷን መስጠት የለባትም።

የሚጥል በሽታ ወይም ድንገት ራስ የሚያስት ሕመም ካለብዎ ሌላ አዋቂ አብሮዎት የሚውልበትን መንገድ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ።

ስንት ልጅ መያዝ ይቻላል?

በእንግሊዝ አገር በቤቷ ልጆች የምትይዝ አንዲት ሴት እንደ ደንቡ ከ8 ዓመት በታች የሆኑ ከ6 ልጆች በላይ አትይዝም። ከእነዚህ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች የሚሆኑት ከ3 አይበልጡም፤ ከአንድ ዓመት በታች የሚሆነው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። የራሷም ልጆች ይቆጠራሉ።

ይህን በራስዎ ቤት በቀላሉ መፈተን ይችላሉ። አሁን እሳት ቢነሳ ሁሉንም ልጆች ይዘው በአንዴ መውጣት ይችላሉ? መራመድ የማይችል አንድ ሕፃን ይታቀፋል፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች በእጅ ይያዛሉ። ሁለተኛውን ሕፃን ግን ማን ያወጣዋል? መልስ ከሌለዎት ቁጥሩን ይቀንሱ።

ቤቱን ዝቅ ብለው ይዩት

ወለሉ ላይ ይቀመጡና ዙሪያዎን ይመልከቱ። ልጁ የሚያየውም የሚደርስበትም ይኸው ነው።

• ከሰል፦ በክረምት ብርድ ወይም መብራት ሲጠፋ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላል። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ የተኙ ልጆች ሳይነቁ ሊሞቱ ይችላሉ። ልጆች ባሉበት ክፍል ከሰል አያስገቡ።

• ፍል ውሃና ጀበና፦ ልጆቹ እስኪሄዱ ቡና ባይፈላ ይመረጣል። ከተፈላም ምድጃውና ረከቦቱ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይሁኑ። ትኩስ ነገር ይዘው ሕፃን አይቀፉ።

• ላምባና በረኪና፦ በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ከፍ ያለ ቦታ ቆልፈው ያኑሩ።

• የተጠራቀመ ውሃ፦ ልጅ በባልዲ ውሃ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል። ባልዲውንና በርሜሉን ይክደኑ።

• ደረጃና በር፦ በድሮዎቹ የፒያሳ ቤቶች የእንጨት ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ አንዳንዱ በር ደግሞ በቀጥታ ወደ መንገድ ይከፈታል። ከላይም ከታችም መከለያ ያሠሩ።

• የተላጠ ቀለም፦ የቆየ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ልጆች ልጣጩን ይበሉታል፤ የአእምሮ እድገታቸውንም ይጎዳል። ግድግዳው ከተላጠ ልጆቹ እንዳይደርሱበት ይሸፍኑት።

• ቆሎና ለውዝ፦ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይስጡ፤ ትንፋሽ ይዘጋል።

ወተት፣ ምግብና እንቅልፍ

እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ ይበቃል፤ ውሃም አያስፈልግም። እናትየው አልባ የምትተወው ወተት ከቤት ውጭ እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። በየዕቃው ላይ የልጁ ስምና የታለበበት ሰዓት ይጻፍ። በደንብ ለማጠብ ከሚያስቸግር ጡጦ ይልቅ ንጹሕ ስኒ ይሻላል፤ ሕፃናት በስኒ መጠጣት ይችላሉ።

ሕፃን ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ። ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ ፊቱ አጠገብ አይኑር።

በሽታ ከልጅ ወደ ልጅ እንዳይዛመት

የእያንዳንዱን ልጅ የክትባት ካርድ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይመልከቱ። ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል፤ ሲወለድ፣ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት፣ በ9ኛና በ15ኛ ወር። የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በመጨረሻዎቹ ሁለት ጊዜያት ነው።

ዳይፐር ከቀየሩ በኋላ፣ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱና ምግብ ከመንካትዎ በፊት በሳሙና ይታጠቡ። መጸዳጃ ቤቱና ቧንቧው የጋራ በሆነበት ግቢ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ያለበት ልጅ ቤቱ ይዋል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ደግሞ ሽፍታው ከወጣ ቢያንስ አራት ቀን ሳይሞላው አይመለስ።

አደጋ ቢደርስ

• ቃጠሎ፦ ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ያቀዝቅዙ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም ማር አይቀቡ። ከዚያ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

• ላምባ ወይም በረኪና ከጠጣ፦ እንዲያስመልስ አያድርጉ፤ ወተትም አይስጡት። የጠጣውን ይዘው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

• ትንታ፦ ማልቀስና ማሳል ካልቻለ፣ ከአንድ ዓመት በታች ያለውን በክንድዎ ላይ በሆዱ አስተኝተው ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገው ጀርባውን በመዳፍዎ 5 ጊዜ ይምቱ። ካልወጣ ገልብጠው ደረቱን መሐል በሁለት ጣት 5 ጊዜ ይጫኑ፤ እየቀያየሩ ይቀጥሉ።

• ተቅማጥ፦ አንድ ከረጢት ለምለም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉ። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በስኒ ይስጡ። ወላጅ ይጠሩ፤ ዚንክም ከጤና ጣቢያ ይሰጠዋል።

ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ወላጅ እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን ትኩሳት ብቻውን አስቸኳይ ነው። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል መድኃኒት አይደሉም፤ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። 939 (እሳትና አደጋ) እና 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) በር ላይ ተጽፈው ይለጠፉ።

ከወላጆች ጋር አስቀድመው ይስማሙ

አፍ ያወጣ ስምምነት ስለሚረሳ በወረቀት ይሁን፤ የሚመጣበትና የሚወሰድበት ሰዓት፣ ክፍያ፣ ማን እንደሚወስደው፣ አለርጂው፣ አስምና የሚጥል በሽታ ካለው መድኃኒቱና መጠኑ፣ በአደጋ ጊዜ የሚደወልላቸው ሁለት ሰዎች ይጻፉ። ወላጅ በጽሑፍ ያላዘዘውን መድኃኒት አይስጡ። ስለ ንግድ ፈቃድና በቤቱ መሥራት ስለመቻልዎ፣ በተለይ ቤቱ የቀበሌ ከሆነ፣ ወረዳዎን ይጠይቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱን እንድታይልዎም ይጋብዟት።

ወላጅ ከሆኑ ደግሞ ሳይናገሩ በሥራ ሰዓት ብቅ ይበሉ። ልጅዎን በደንብ የያዘች ሴት በዚህ አትቀየምም። እርስዎም ልጁ ትናንት ማታ ቢያተኩሰው ሥራ እንዳይቀርብኝ ብለው አይደብቋት፤ ሌሎቹም ልጆች እንደ እርስዎ ልጅ እናት አላቸው።